ሐሰንን አንቺ አጥፊው

የሐሰን ሚስት ዘሀራ የደወለችልኝ ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉን ቆልፌ ስወጣ ነው። ሰላምታዋ ረጅም ነበር። እናቴን ጠየቀች፣ ክረምቱን ጠየቀች፣ የደጃፌን ባሕር ዛፍ ሳይቀር ጠየቀች። ሰው ክፉ ነገር ሊናገር ሲል ሰላምታው እንደሚረዝም ስለማውቅ እስክትጨርስ ጠበቅኋት።

«ሑሴን በሌለበት ሊሰገድበት ነው» አለች በመጨረሻ።

«መቼ?»

«ለጁምዓ። ሐሰን ነው የጠየቀው። አባባ ግን እሺም እምቢም አላሉ። ‹ያቺ አብራው ትሠራ የነበረችው ልጅ ትምጣና ትንገረኝ› ብለዋል።»

«ምን ልንገራቸው ዘሀራ?»

«እኔ ምን አውቄ እቱ? ስለ ዝምታ የሚላት አንድ ነገር አልነበረችም? እሷን ይሆናላ።»

እኔ ክርስቲያን ነኝ። ቢሆንም ወሎ ተወልጄ ማደጌ ነውና የነገሩን ክብደት ማንም ሊያስረዳኝ አይገባም። ሬሳው ያልተገኘ ሰው ሞቷል ተብሎ ሲቆረጥ በሌለበት ይሰገድበታል። ከተሰገደበት በኋላ መጠበቅ ያበቃል። በር ሲንኳኳ ቀና ማለት ይቀራል።

ሑሴንን ያወቅሁት ተማሪው ሆኜ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ልጅነቴ ካለፈ በኋላ ስለሆነ በገባሁበት ክፍል ሁሉ ትልቋ እኔ ነበርሁ። ሌሎቹ መምህራን «አንቺ ሴትዮ» ሲሉኝ እሱ በመጀመሪያው ቀን «እታለም» አለኝ፤ በዚያው ቀረ። ሥልጠናዬን ስጨርስ እዚያው መካነ ሰላም፣ እሱ በሚያስተምርበት ማሠልጠኛ ተቀጠርሁና የኮምፒውተር ክፍሉ ጠባቂ ሆንሁ። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። ብርድ ሆነ ፀሐይ ያንኑ ግራጫ ሹራቡን አያወልቅም። ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንድ ነገር ሊያዝዝ ሲል ደግሞ ከመናገሩ በፊት በጣቱ አንጓ ጠረጴዛውን አንዴ ጠቅ ያደርጋል።

ነገሩ የተጀመረው ፈተና በኮምፒውተር መስጠት በጀመርንበት ዓመት ነው። ፈተናው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ሰርቨሩ ቆመ፤ ተፈታኞቹ የመለሱት ሁሉ ጠፋ። ከአቀስታ ማዶ በእግሯ የመጣች አንዲት ልጅ የጠቆረውን ስክሪን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅስ ጀመር። የማሠልጠኛው ዲን መብራቱን ረገመ። ሑሴን ግን ልጅቷ አጠገብ ቆሞ፣ «መብራቱን ተወው። ጥፋቱ በአንድ ሰርቨር ብቻ መተማመናችን ነው» አለ።

ሁለተኛ ማሽን ግዙ ቢል በጀት የለም ተባለ። ስለዚህ በራሱ ላፕቶፕ ላይ፣ በአንዱ ማሽን ሆድ ውስጥ፣ ሁለት ሰርቨሮች አስነሥቶ መሞከር ጀመረ። ዲኑ ገብቶ አየና ሳቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ እነዚህንም አንድ ለአምስት አደራጀሃቸው?»

«ገና ናቸው ጌታዬ። ሁለቱ መነጋገራቸውን ልይ መጀመሪያ።»

«ምንድን ነው የሚነጋገሩት?»

«ያው እንደ ሚኒባስ ነው። ከፊት አንድ ረዳት ቆሟል፤ የመጣውን ተፈታኝ ወይ ወደዚህኛው ወይ ወደዚያኛው ያሳፍራል። አንደኛው መኪና መንገድ ላይ ቢሰበር ሰውየውን ወደ ሌላው ያዛውረዋል። ችግሩ፣ ሰውየው ይዛወራል፣ ዕቃው ግን የተሰበረው መኪና ላይ ይቀራል። ዕቃው ከመነሻው በሁለቱም ላይ እንዲጫን ነው ልፋቴ።»

ዕቃ ያለው ሰርቨሩ ስለ ተፈታኙ የሚያስታውሰውን ነው፤ ማን እንደሆነ፣ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደደረሰ፣ እስከዚያ ምን እንደመለሰ። በሙያው ሴሽን ይሉታል። ያ እንዳይጠፋ አንዱ ሰርቨር ያለውን በየቅጽበቱ ለሌላው መገልበጥ አለበት። አንዱ ሲቆም ሌላው ከዚያችው ቦታ መቀጠል አለበት፤ ተፈታኙም ምንም ሳያውቅ።

ሰርቨሮቹን ሐሰንና ሑሴን ያሏቸው ተማሪዎቹ ናቸው። በእኛ አገር ለሙስሊም ወንድ መንታ ስም አይመከርበትም፤ ቀድሞ የወጣው ሐሰን፣ ተከታዩ ሑሴን ነው። እሱ ስማቸውን ሲሰማ ሳቀ። ሳቁ ቶሎ መቋረጡን አየሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ያኔ አልገባኝም።

የሙከራው አሠራር ቀላል ነበር። እኔ ተፈታኝ ሆኜ እገባና እየመለስሁ እሄዳለሁ። ሑሴን ጠረጴዛውን ጠቅ ሲያደርግ ከተማሪዎቹ አንዱ ሐሰንን ያጠፋል። እኔ ቀጣዩን ጥያቄ እመልሳለሁ። ሥራዬ ከቆምሁበት ከቀጠለ ማለፊያ፤ «እንደገና ይግቡ» ካለኝ ወድቀናል። ተማሪዎቹ ጨዋታ አደረጉት። «ሐሰንን ግደለው! ግደለው በለው!» እያሉ ይጮኹ ነበር።

አንድ ቀን ከወረዳ የመጣ ሰው በኮሪደሩ ሲያልፍ ይህን ሰማ። ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ የሚታለፍበት አልነበረም። በሩን ገፋ አድርጎ ቆመ።

«ማነው የሚገደለው ሐሰን?»

 ሑሴን ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «ወንድሜ ነው» አለ።

ሰውየው ቀልድ መስሎት የሚስቅ ሰው ጠበቀ። ማንም አልሳቀም። ሑሴንን ትኩር ብሎ አየውና በሩን ሳይዘጋ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪዎቹ ማጥፋቱን ተከለከሉ። ጠረጴዛውን ጠቅ ያደርግና «እታለም፣ ሐሰንን አንቺ አጥፊው» ይለኛል፤ እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። እስክጨርስ አይመለስም።

በእውነትም መንታ ወንድም ነበረው። ሐሰን ሚስቱን ዘሀራንና ልጆቹን ትቶ በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ፣ ከባሕሩም ወዲያ ወደ ዓረብ አገር ሄዷል። ከባሕሩ ዳር አንዴ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

አባታቸው ሼህ ይማም ከከተማው ወጣ ባለ መንደር ቁርኣን የሚያስቀሩ ሰው ናቸው። ሑሴን ስለ ሰርቨር ሲያስተምር የሚጠቅሰው መጽሐፍ የለም፤ አባቱን ነው የሚጠቅስ። ሼሁ መንታዎቹን ጀርባና ጀርባ አድርገው ያስቀምጧቸዋል፤ አንዱ የሌላውን ከንፈር እንዳያይ። ሐሰን በቃሉ መቅራት ይጀምራል። ሼሁ የፈለጉት ቦታ ላይ፣ በቃል መካከልም ቢሆን፣ በዱላቸው መሬቱን ጠቅ ያደርጋሉ። ያኔ ሐሰን ይቆማል፤ ሑሴን ከዚያችው ከተቆረጠችው ቃል ይቀጥላል። ወደ ምዕራፉ መጀመሪያ መመለስ ውርደት ነው።

«ሳይቆረጥ መቀጠሉ አይታወቅም» ይል ነበር ሑሴን። «አባቴ እኛን ያመኑን እየቆረጡ ነው።»

ሐሰን ዝም ካለ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ መምከር ጀመረ። ሐሰን ሞቷል ይባል፣ ይሰገድበት፣ ዘሀራ የሐዘን ጊዜዋን ትጨርስ፣ ከዚያ ሑሴን ያግባት። ልጆቹ እንዳይበተኑ ወንድም የወንድሙን ቤት መያዙ በእነሱ ዘንድ የቆየ ነው፤ ለዘሀራ እንደ ውለታ የሚቆጠር ነገር ነው። አጎቱ እስከ ማሠልጠኛው ድረስ መጥቶ ግቢው ውስጥ ሲናገረው በመስኮት ሰማሁ።

«አሣ የበላውን ሰው ስትጠብቅ ቤቱ ይፍረስ? አንተ ልጅ፣ ምን ታደርግ ነው የምትለው?»

«መሞቱን ማን ነገረህ አጎቴ?»

«ዝም ማለቱ አይነግርህም?»

ሑሴን ወደ ክፍል ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። «ከተቆረጠበት ቀጥል አሉኝ እታለም» አለ። «በአባቴው ቋንቋ።»

በማግሥቱ፣ «ዛሬ ማንንም አናጠፋም» አለኝ። «በመሐላቸው ያለውን መንገድ ብቻ እንዘጋለን።»

ሰርቨሮቹ በየጊዜው «አለሁ» ይባባላሉ። ያ ድምፅ ሲቋረጥና ጥቂት ሲቆይ አንዱ ሌላውን ሞቷል ብሎ ይቆጥረዋል። መንገዱን ዘጋው። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ውስጥ በሐሰን መስኮት ላይ ሑሴን ሞተ የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ በሑሴን መስኮት ላይ ሐሰን ሞተ የሚል። ሁለቱም ግን በሕይወት ነበሩ። ሁለቱም እየሠሩ ነበር። ያ ረዳት የተባለው አንዱን መልሴን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ እየወሰደ ይሰጣቸዋል። በመጨረሻ ሑሴን መንገዱን ሲከፍት የእሱ ስም ያለው ሰርቨር የያዘው ብቻ ጸና፤ ሌላው ተሰረዘ።

«ሐሰን ዘንድ የመለስሁት የለም» አልሁት።

«ሞቷል ተብሎ ነበራ» አለ።

 ከዚያ ስለ በረዶው ነገረኝ።

«ልጆች ሳለን ነው። ሐሰን እየቀራ ቆርቆሮው ላይ በረዶ ወረደ። ድምፁ ሲጠፋብኝ አባቴ ያቆሙት መሰለኝና ቀጠልሁ። እሱ ግን አላቆመም ነበር። እኔን አይሰማኝ፣ እኔ እሱን አልሰማው። በረዶው ሲያባራ ሁለታችንም እየጮኽን፣ ሁለት የተለያየ ቦታ ደርሰን ነበር። አባቴ በዱላቸው ትከሻዬን ነካ አድርገው ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹የወንድምህን ዝምታ ከበረዶው ለይ።›»

ጠረጴዛውን ጠቅ ለማድረግ እጁን አነሣና መልሶ አወረደው። «ዝምታው የማን እንደሆነ ሳታውቂ ሞተ አትበዪ እታለም።»

ዘሀራ ወደ ክፍላችን የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ሑሴን የአስተማሪዎች ስብሰባ ላይ ነበር። ቀጭን፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ለቀልድ የምትፈጥን ሴት ናት። ለሑሴን ምሳ ይዛ መጥታ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ስክሪኑን ጎንበስ ብላ አየች።

«የኔን ሰውዬ የምታሙት በዚህ ነው? የቱ ነው የኔው?»

በጣቴ አሳየኋት።

«ወላሂ አልተለወጠም፣ ያው ጥቁር ነው» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ፣ «ታጠፉትና መልሳችሁ ታበሩታላችሁ አሉ። ሲበራ፣ የጠፋ ጊዜ የሆነውን ያውቃል?»

«ሌላው ይነግረዋል።»

«እንዲህ ከሆነ ደግ ነው» አለች። «የኔን ሰውዬ ቢመጣ ማን ይነግረው ይሆን? ሑሴን እንደሁ ሲስቅ እንኳ አላየውም፤ ሲስቅ እሱን ስለሚመስል ፊቴን እንደማዞር ያውቃል።»

ከሄደች በኋላ ሥራ እምቢ አለኝ። ያልተፈተነ ነገር እውነት ነው ብዬ መናገር አልወድም። «ሌላው ይነግረዋል» ብያታለሁ፤ ግን መቼ አየሁ? ሁልጊዜ የምናጠፋው ሐሰንን ነው። ጀማሪው ሐሰን፣ ተቀባዩ ሑሴን፤ ከቁርኣን ቤቱ የመጣው ሥርዓት ሳናስበው ወደ ማሽኑ ገብቷል።

ሑሴን ሲመለስ፣ «መምህር፣ ሑሴንን አጥፍተን አናውቅም» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። እጁ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጠቅ አደረገ።

እኔ በሑሴን ሰርቨር በኩል የተፈታኙን ሥራ ጀምሬ እኩሌታ ስደርስ መምህሩ ራሱ ሰርቨሩን አጠፋው፤ ወደ መስኮቱም አልዞረም። ቀጣዩን ጥያቄ ነካሁ። «እባክዎ እንደገና ይግቡ» አለኝ። ሐሰን በርቶ ነበር፤ ግን ምንም አልያዘም። ከእሱ ወደ ሑሴን የሚወስድ መንገድ ሠርተን ከሑሴን ወደ እሱ የሚመልስ መንገድ አልሠራንለትም።

«አባቴም በዚህ በኩል ሞክረውን አያውቁም» አለ ሑሴን ቀስ ብሎ።



ሽማግሌዎቹ ዘሀራን እንዲያገባ እስከ መውሊድ ቀነ ገደብ ሰጡት። እሱ ግን አልጠበቀም። «የወንድሜን ሚስት ከማግባቴ... ማለቴ ቤቱን ከመያዜ በፊት ባሕሩ ዳር ሄጄ እጠይቃለሁ» አላቸው። እዚያ ሰው አሻጋሪዎች አሉ፣ ያዩ አሉ፣ የቀበሩ አሉ። ጠይቄ እመለሳለሁ ነበር ያለው። በጭነት መኪና ሊሄድ ሲል መናኸሪያው ድረስ ሸኘሁት።

«ያ መንገድስ? የመልሱ?» አልሁት። 

«ስመለስ እንሠራዋለን። አብሽሪ።»

አንድ ጊዜ ደወለ። ነፋሱ ድምፁን እየወሰደው ነበር።

«እታለም፣ ሐሰን በርቷል?»

«በርቷል።»

«እንዳታጠፊው። እኔ እዚህ አንድ ሰው…» አለ። ከዚያ ነፋሱ ብቻ ቀረ፤ ከዚያ ነፋሱም።

ዓመት ዞሮ ከዓረብ አገር ብዙ ሰው ሲመለስ፣ በገበያ ቀን ከፊቴ ያንን ጎበጥ ያለ ትከሻ አየሁ። «መምህር!» ብዬ ጮኽሁ፤ የያዝሁት ሁሉ ከእጄ ወደቀ። ሰውየው ዞረ። ፊቱ ያው ነው። ዓይኑ ግን ሊያውቀኝ አልቻለም።

«ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለኝ» አለ። «ሐሰን ነኝ።»

ያን ሁሉ ጊዜ እስር ቤት ነበር። ስልክ የሚባል የለም፣ ደብዳቤ የሚያወጣ የለም። ዝምታው የእሱ ሳይሆን የግድግዳው ኖሯል። ቤቱን እንደተወው፣ ዘሀራንም እንደተዋት አገኛት፤ ምክንያቱም ሑሴን አልቀጥልም ብሏል። ሑሴንን ግን አላገኘውም።

እንግዲህ ዘሀራ የጠራችኝ ለዚህ ነበር። በሐሙሱ፣ ከጁምዓው ዋዜማ፣ ቀትር ላይ ሼሁ ቤት ደረስሁ። ዓይናቸው ጠፍቷል። ዱላቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። ሐሰን በሩ አጠገብ፣ ዘሀራ ከጓዳው አፍ፣ አጎትየው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ? ቅረቢ» አሉ። «ይሰገድበት የሚለው ሐሰን ነው። እስቲ አንተ ምክንያትህን ንገራት።»

ሐሰን መሬቱን እያየ ተናገረ። «ያንን ባሕር አይቼዋለሁ። አብሬያቸው ከገባሁት ስንቱ እንደወጣ አውቃለሁ። ደግሞ… ሰው ሁሉ ባየኝ ቁጥር እሱን ነው የሚፈልገው። እኔ መምጣቴን የሚያይልኝ የለም። ካልተሰገደበት እኔም አልመጣሁም።»

«አንቺስ?» አሉኝ ሼሁ። «ልጄ ስለ ዝምታ ምን ይል ነበር?»

ነገርኋቸው። ስለ ሁለቱ ሰርቨሮች፣ ስለ ተዘጋው መንገድ፣ ሞቷል ስለተባለውና ስላልሞተው። ስለ በረዶው ስነግራቸው አገጫቸው ተንቀሳቀሰ።

«በረዶውን አልረሳሁትም። ሌላ አለ?»

ሌላ ነበረ። ግማሹን ደብቄ መናገር አልችልበትም፤ ሐሰን እዚያው ተቀምጦ እየሰማ፣ ሑሴንን አጥፍተን ሐሰን መቀጠል እንዳቃተው ነገርኋቸው። አጎትየው «ኤጭ! የብረት ወሬ!» ብሎ ተነሣ። ሼሁ በዱላቸው መልሰው አስቀመጡት።

«ሐሰን። ተቀመጥ፣ እንደ ድሮው።»

ሐሰን ሄዶ መሐል ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ጀርባውን ሑሴን ይቀመጥበት ለነበረው ባዶ ቦታ ሰጠ። ሼሁ ራሳቸው በሑሴን ፈንታ መቅራት ጀመሩ። ድምፃቸው የተሰነጠቀ ነበር፤ እየቆየ ግን ጠራ። መሐል ላይ፣ ቃሉ ሳያልቅ፣ ዱላቸውን ጠቅ አደረጉ።

ሐሰን አፉን ከፈተ። ትከሻው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ከምዕራፉ መጀመሪያ ጀመረ።

ሼሁ አስቆሙት። እንደገና ቀሩ፤ እንደገና ቆረጡ። ሐሰን አሁንም ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። በሦስተኛው አልጀመረም፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«አላስተማርሁህም» አሉ ሼሁ። «አንተን ሁልጊዜ አስጀመርሁ፣ እሱን ሁልጊዜ አስቀጠልሁ። እሱ ቢቆም ማን ይቀጥላል ብዬ አልጠየቅሁም። ያረቢ!» ዱላቸውን በቀስታ ምንጣፉ ላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ አጋደሙት። «ነገ አይሰገድም። በረዶው አላባራም።»

 ሐሰን ከምንጣፉ አልተነሣም።

ዘሀራ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። «ሐሰንን ያገኘሁት ያ ሰው አልቀጥልም ስላለ ነው» አለች። «አሁን እሱን ማን ይጠብቀው?»

«አንቺስ?»

«እኔማ» አለች፣ ሻሿን እያጠበቀች፣ «መጠበቅ እችልበታለሁ።»

የመልሱን መንገድ እኔው ሠራሁት። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ከመጽሐፍ ነው የተማርሁት። ዛሬ ሑሴን ሲጠፋ ሐሰን ከተቆረጠበት ቦታ ይቀጥላል፣ አንድ መልስ አይጎድልም። በየዓመቱ ለአዲሶቹ ተማሪዎች አሳያቸዋለሁ። ሐሰንን እኔ አጠፋዋለሁ፤ እጄ ለምዶታል። የሑሴን ተራ ሲደርስ ግን ጠረጴዛውን ጠቅ አደርግና፣ «ሑሴንን አንተ አጥፋው» እላለሁ ከፊት ለተቀመጠው። ከዚያ፣ ጨረስሁ እስኪለኝ ድረስ፣ መስኮቱን አያለሁ።